ለጀልባው የሚሆን ጎማ

እናቴ ድስቱን ከሚዛኑ ላይ አንስታ መጥበሻዎቹን አስቀመጠች። ቀስቱ ተወዛውዞ እስኪረጋ ጠበቀችና ቁጥሩን በለሆሳስ ለራሷ ተናገረችው፤ ቀደም ሲል ከነበረው ጋር ደመረችና ድምሩንም እንደዚያው ተናገረችው። ወረቀት አትጠቀምም። የእህል መጋዘን መዛኝ ነበረች፤ ቁጥርን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ይዛ መዋል ትችላለች።

የቤታችን ዕቃ ግቢው መሃል ተደርድሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ፍራሹ፣ ባልዲዎቹ፣ የስፌት መኪናው፣ የአባቴ ገመዶችና መቅዘፊያዎች፣ በጨርቅ የተጠቀለለው የጀልባ ሞተር፤ ሁሉም ሐኪም ቤት ወረፋ የያዙ ሰዎች ይመስላሉ። ጀልባው ከኋላቸው በተሳቢው ላይ ተቀምጧል። እሱ ቀድሞ ተመዝኗል፤ በተውሶ ጎማ እያነከሰ መጋዘኑ ድረስ ተጎትቶ የጭነት መኪናዎቹ ሚዛን ላይ ወጥቶ ነበር።

«እኔስ?» አልኳት።

ሚዛን ወደ ቤት በመጣ ቁጥር እኔን መመዘን የቆየ ጨዋታችን ነው። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ብረቱ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ውስጥ እግሬን ለበለበኝ።

«ወይ ጉድ፣ ገና ግማሽ ጆንያ ነሽ» አለች እናቴ እየሳቀች።

አባቴ ከተሳቢው ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። «በይ ደምሪያታ!» አለ ከዚያው።

የእናቴ ሳቅ ቆመ። «እሷን አልደምርም» አለች።

ከሚዛኑ ወረድኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ድምር ምን እንደሆነ ግን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። የሚሄደው ዕቃ ይደመራል፣ የሚቀረው አይደመርም። ቁምሳጥኑ አልተደመረም፤ ለአክስቴ ይቀራል ተብሏል። የብረት አልጋውም አልተደመረም። አሁን ደግሞ እኔ። ጫማዬን ያደረግኩት ግራና ቀኙን አቀያይሬ መሆኑን ያወቅኩት አመሻሽ ላይ ነው።

የምንሄደው ውሃው ስለሸሸን ነበር። አባቴ ሰውና ዕቃ በጀልባ ያሻግራል። የእኛ ሐይቅ ግን ከዓመት ዓመት ወደኋላ እያለ እያለ በመጨረሻ ከመሳፈሪያው ደረጃ ፊት ጭቃ ብቻ ቀረ። ከተራራው ማዶ ሌላ ውሃ አለ፤ ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ጀልባ የሚፈለግበት። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ጀልባው ውስጥ ይጫናል፣ ጀልባው ተሳቢው ላይ፣ ተሳቢው አጎቴ በሚያውሰን ፒካፕ ኋላ። የጎደለው ጎማ ብቻ ነው።

ጎማው የጎደለው ደግሞ በአንድ ደስ የሚል ቀን የተነሳ ነበር። እኔ እንደዚያ ነበር የማስታውሰው። ባለፈው ክረምት ጀልባውን አስጠግነን ስንመለስ እኔ ጀልባው ውስጥ፣ በተጠቀለለ ሸራ ላይ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ቆመናል። ቁልቁለት መንገድ ዳር ሣር ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን። እናቴ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ አጥብቃ አቅፋኝ አታውቅም። አባቴ መንገዱን ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ ነበር። ጀልባው ዘመም ብሎ ነበር፤ እኔ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ዳቦውን የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንደኛው ጎማ ቁልቁለቱ ላይ ፈንድቶ ተሳቢው ወደ ገደሉ ተስቧል፤ ያቆመው አንድ የድንበር ድንጋይ ነው። እኔ ፍንዳታውን እንኳ አልሰማሁም። ጎማዎቹን የመረጠው አባቴ ነበር፤ ከታክሲ የወለቁ፣ ጥርሳቸው ያላለቀ፣ አዲስ የሚመስሉ። ቸርኬው ተሳቢው ላይ ልክ ገባ፣ ዳዶዎቹ ጠበቁ፣ አለቀ። የታክሲ ጎማ ታክሲ እንጂ ጀልባ እንደማይሸከም አልታየውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና አባቴ ስለ ጎማ ሲነጋገሩ ስለ ሌላ ነገር እንደሚነጋገሩ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ሳይተያዩ።

ከምዘናው በኋላ ባለው ቀን ጎረቤታችን በሆነው አክስቴ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ሳር እየነጨሁ ሳለ፣ ከወዲያ በኩል የእናቴንና የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ልጅቷስ?» አለ አባቴ።

«እሷን ተዋት። አክስቷ ጋ ትሆናለች።»

«እስከ መቼ?»

«ጎማው እስኪለይለት።»

 አባቴ አንድ ብረት ሌላ ብረት ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማኝ።

ስለዚህ ነገሩ በጎማው እጅ ነው። ትልቅ ጎማ ከመጣ ብዙ ይሸከማል፣ እኔም እጨመራለሁ። ትንሽ ከመጣ ቀረሁ። ያን ቀን እራቴን አልበላሁም፤ ቢያንስ ግማሽ ጆንያነቴን ልቀንስ ብዬ። አክስቴ ግንባሬን ዳሰሰችና «ትኩሳት የላትም፤ ጥጋብ ነው» አለች።

አባቴ በማግሥቱ በጋሪ ጎማ ይዞ መጣ። ሁለቱም ከነቸርኬያቸው፣ ከትልቅ ፒካፕ የወለቁ፣ ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ነበር። ጥርሳቸው ውስጥ ጣቴ ጠልቆ ይገባል። አንዱን አቅፌ ሸተትኩት። እንደዚያ ደስ ያለኝ ሽታ የለም።

«ይኸው» አለ አባቴ ለእናቴ። «አሁንስ?»

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ዞረቻቸው። «ምን ያህል ይሸከማሉ?»

«አታያቸውም እንዴ? ዝሆን ይሸከማሉ።»

«ዝሆን የለንም» አለች።

አባቴ የውሃ ሰው ነው። በውሃ ላይ ሰፊ ጀልባ ከጠባብ የበለጠ ይጭናል፤ ጭነት ሲበዛም ጀልባው ዝቅ እያለ ይነግርሃል። አባቴ በዓይኑ ብቻ፣ ውሃው የት እንደደረሰ አይቶ፣ አንድ ሰው ይውረድ ይላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ጎማውንም በዚያው ዓይን ነበር የሚመርጠው። ለእናቴ ግን የዓይን ልክ የሚባል ነገር የለም። «መሬት እንደ ውሃ አይደለም» ትለው ነበር፤ «እስኪፈነዳ አይነግርህም።»

ጎማዎቹ ተገጠሙ። ጀልባው ከፍ ብሎ ኮራ። አባቴ ጎረቤቶች ጠርቶ ዕቃውን ሁሉ አስጫነ። ከእያንዳንዱ ጎማ በላይ የሚደፋ ቆርቆሮ አለ፣ ፓራፋንጎ ይሉታል፤ ዕቃው በገባ ቁጥር ያ ቆርቆሮ ወደ ጎማው ዝቅ ይላል። ሞተሩ ሲገባ ነካው። ተሳቢውን ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ጎማው ቆርቆሮውን እየፋቀ ጮኸ።

«ቆርቆሮውን ልቁረጠው» አለ አባቴ። መጋዙን ለማምጣት ሄዶም ነበር።

«ጫማ ሲጠብህ እግርህን ነው የምትቆርጠው?» አለችው እናቴ። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ አባቴ ግን አልሳቀም። «ይመለሱ» አለች ከዚያ፣ ለሰው በማይሰማ ድምፅ። ለእኔ ተሰምቶኛል።

ጎማዎቹ ተፈትተው ዕቃው ሲራገፍ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ድምሩን አልጠየቃትም። እሷም ሳይጠይቃት አልነገረችውም። አፏ ውስጥ ነበረ፤ ልብስ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ስታበጥረኝ እንኳ ያንኑ ቁጥር ትለዋለች። ከመዝሙር ይልቅ እሱን ቀድሜ በቃሌ ያዝኩት። ትልልቅ ሰዎች አንድን ቁጥር ሳይሰጣጡ አንድ ቤት ውስጥ ስንት ቀን ሊኖሩ እንደሚችሉ የገባኝ፣ እኔ ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው።

ጎማዎቹን የሰጠን ጎሚስታ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሱቁ ከመንገዱ ጥግ ነበር፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚናገራት ቃል «ተንፍሷል» ስለሆነች ሰፈሩ ጋሽ ተንፍሷል ይለዋል። አንድ የተነፋ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያ፣ ውሃ ገንዳ ውስጥ እያስገባ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ሳያየኝ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ አየኝ።

«የካፒቴኑ ልጅ፣ ምን ፈለግሽ?»

«ጋሼ፣ እኔንም የሚችል ጎማ አለ?»

«አንቺን? አንቺን የብስክሌት ጎማም ይችልሻል።»

«ከጀልባው ጋር ማለቴ ነው። ከነዕቃው።»

እጁን ከውሃው አወጣ። «አባትሽ ነው የላከሽ?»

ዝም ማለቴን እንደ አዎ ቆጠረው።

«እሺ፣ አንቺ ስንት ነሽ?»

ነገርኩት።

«ሌላውስ? ዕቃው፣ ጀልባው፣ ተሳቢው?»

ያንንም ነገርኩት፤ እናቴ እንደምትለው አድርጌ፣ አንድም ሳልስት። ጋሽ ተንፍሷል ፉጨት አሰማ። ግድግዳው ሥር በቆመ ጎማ ላይ ባለው አቧራ ቁጥሩን በጣቱ ጻፈና ለሁለት ከፈለው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሌሎች ጎማዎች ጎን ላይ በጉልህ የወጡትን ፊደሎች እያነበበ ወደ ውስጥ ገባ።

«አባትሽ 'ግዙፍ ስጠኝ' አለኝ፣ ግዙፍ ሰጠሁት» አለ ከውስጥ። «ስንት እንደሚጭን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። የኋለኛውን ግን እንዳትነግሪው።»

«ይኖራል?» አልኩት።

«ሂጂ ቤትሽ፤ እኔ እመጣለሁ።»

አለ አላለም፣ የለም አላለም። እየሮጥኩ ሄድኩ፣ እየተጎተትኩ ደረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሪውን እየገፋ በበራችን ሲገባ፣ እናቴ ገና ከሥራ ገብታ ፊቷን እየታጠበች ነበር፤ አባቴ ተሳቢው አጠገብ የመኪና ማንሻውን ክሪክ ቀለም ይቀባል። ጋሪው ላይ የነበሩት ጎማዎች ትንንሽ ነበሩ። ጉልበቴን ቢያልፉ ነው። ወፈር ያሉ፣ ደረቅ ያሉ፣ ቁጡ ጥቁር።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አባቴ። «የጋሪ ጎማ አመጣህልኝ?»

«የተሳቢ ጎማ ነው። የመኪና አይደለም። ጎኑን ተጫነው እስቲ።»

አባቴ በአውራ ጣቱ ተጫነው። አልገባለትም።

«ያኛው የታክሲ ጎማ እንደ ፊኛ ነበር» አለ ጎሚስታው። «ይሄ ቁመቱ አጭር ነው፣ ቆርቆሮህን አይነካም። ጎኑ ላይ ምን ያህል እንደሚሸከም ተጽፎበታል፤ ግማሹን አንዱ፣ ግማሹን ሌላው። ከድምሩ በላይ ነው። ተርፎ ለእሷም ይበቃል።» በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«ድምሩን ማን ነገረህ?» አለ አባቴ።

«የላክሃት ልጅህ ናታ።»

«ለእሷ?» አለች እናቴ በተመሳሳይ ጊዜ። ፎጣው እጇ ላይ ቀረ። ወደ አባቴ ዞረች። «ጀልባው ላይ ልታወጣት ነበር?»

«እኔ? ማንንም አልላክሁም።»

«ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

«ስሚኝ እንጂ፣ አላልኩም አልኩሽ!»

አክስቴ ጩኸቱን ሰምታ በበሩ ብቅ አለች። እኔ የሰማሁት ግን ጥቂት ነው። ዓይኔ ትንንሾቹ ጎማዎች ላይ ነበር። እነዚያ ደረቴ ድረስ የነበሩት ተመልሰው እነዚህ መጡ፤ ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ግን ደህና ሆኖ ወጣ።

«እኔ ቀረሁ ማለት ነው?» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ማነው ትቀሪያለሽ ያለሽ?» አለች እናቴ።

«አንቺ። አልደምርም አልሽ። አክስቴ ጋ ትሆናለች አልሽ።»

እናቴ ከጋሪው አንዱን ጎማ አውርዳ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ ቁመቱ ለመቀመጫ ልክ ነበር። ጎሚስታው ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ንጹሕ እጁን መጥረግ ጀመረ።

የመለሰልኝ አባቴ ነው። መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ፤ እጁ ቀለም ስለነበረበት ሳይነካኝ።

«የሚደመረው ዕቃ ነው» አለ። «አንቺ ዕቃ ነሽ እንዴ? ጀልባው ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይወጣም። ዶሮ እንኳ አይወጣም። አንቺ ከፊት ነሽ፣ ፒካፑ ውስጥ፣ መሃል። እኔ በዚህ በኩል፣ መሪው ጋ። በዚያ በኩል...»

እዚያ ላይ አቆመ። እናቴን አያት።

እኔ ያቆመው ትንፋሽ አጥሮት መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አክስቴ ስትነግረኝ ነው ያ ዝምታ ምን እንደነበረ ያወቅኩት። እናቴ ለአክስቴ «እንደ አምናው በዓይኑ መርጦ ካመጣ ብቻውን ይሂድ፤ እኔም ልጄም እዚህ ነን» ብላት ነበር። አባቴም ያውቃል። «አክስቷ ጋ ትሆናለች» የተባለው ለሁለታችንም ነበር፤ አባቴ «እስከ መቼ» ያለው ስለ ሁለታችን ነበር። ወረፋ ይዘው ከነበሩት ዕቃዎች መሃል የእናቴ ሻንጣ አልነበረም። እኔ የራሴን መቅረት ስቆጥር፣ ብቻውን ሊቀር የነበረው አባቴ ነው።

«ግጠሙትና እንየው» አለች እናቴ በመጨረሻ።

ገጠሙት። ጀልባው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ዶሮ መሰለ። ዕቃው እንደገና ተጫነ፤ ፍራሹ፣ ገመዱ፣ የስፌት መኪናው፣ በመጨረሻ ሞተሩ፣ አባቴና ጎሚስታው ተጋግዘው። ቆርቆሮው ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለና ቆመ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል እናቴ በእጇ ከለከለችው። እጅጌዋን ሰብስባ መዳፏን በጎማውና በቆርቆሮው መካከል አስገባች፤ በእጇ ጀርባ፣ በእጇ ፊት፣ ከዚያ ጣቶቿን አጥፋ በጭብጧ። ገባ። ወዲያኛውም ጎማ ጋ ሄዳ እንደዚያው አደረገች። ከዚያ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ራሷ አነበበችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ብድግ ብላ ወደ ቤት ገባች። አባቴ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ተንፍሷል «ነፋስ ይበቃዋል፣ ፈትሼዋለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እናቴ ስትወጣ ቡናማ ሻንጣዋን ይዛ ነበር። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺንም» አለች።

አባቴ ቀስቱ እስኪረጋ ድረስ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። በሕይወቱ ሚዛን እንደዚያ ቀርቦ ያነበበ አይመስለኝም። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ፤ እናቴ ደመረችና አዲሱን ድምር ነገረችው። እሱም ደገመው፣ ትምህርት እንደሚያጠና ሰው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ «እፎይ» አለ። አክስቴ በበሩ በኩል ሳቀችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔ ለሻንጣ ምን እንደሚሳቅ አልገባኝም፤ ግን ሁሉም ሲተነፍስ እኔም ተነፈስኩ፤ ያን ቀን እራቴን ሁለት ጊዜ በላሁ።

በማለዳ ተነሳን። መሃል ተቀመጥኩ፤ በአንድ በኩል የአባቴ ክንድ፣ በሌላው የእናቴ ጉልበት። ጀልባው ከኋላችን በመስታወቱ ውስጥ እየተከተለን ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ እናቴ በየጊዜው ወደ ኋላ ትዞራለች፤ ቆይቶ አንገቷን አሳረፈች፤ ከዚያ ወሬ ጀመረች፣ አዲሱ ውሃ ዳር የቤቱ መስኮት ወዴት እንደሚከፈት፣ መጋዘን ይኑር አይኑር።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሜዳ ላይ፣ አንድ ዛፍ ሥር አባቴ መኪናውን አቆመ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ምንም። አዲስ ጎማ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዳዶው ይታያል፤ ጋሽ ተንፍሷል ነው ያዘዘኝ። ነይ ውረጂ አንቺ።»

ወረድኩ። እጄን ይዞ መዳፌን ጎማው ላይ አስቀመጠው። ያቃጥላል ብዬ ነበር፤ ለብ ያለ ብቻ ነበር፣ ፀሐይ ላይ እንደተኛ ድመት ጎን።

«እንዲህ ከሆነ ደህና ነው» አለ። «ካቃጠለሽ ትነግሪኛለሽ።»

መፍቻውን አመጣ። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ ሞከራቸው፤ አንዱ ትንሽ ዞረለት፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ወዲያኛውም ጎማ ጋ ዞረ፤ እኔም ተከትዬው መዳፌን አስቀመጥኩ። እናቴ በመስኮቱ ክንዷን አውጥታ ታየናለች፣ አገጯ ክንዷ ላይ።

«ለብ ያለ ነው» አልኳት።

«ደግ» አለች።

አባቴ የመጨረሻውን ዳዶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው፣ አልዞረም። መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ ከመቀመጫው ሥር አስገባው።